ለሶኬት ቴስት አጋዥ ኮድ ስንት አማራጭ ይበቃዋል?

ክሩን፣ ማለትም ይህን የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ከራሴ ጥያቄ ልጀምር። በምንሠራበት የፓይተን ፕሮጀክት ውስጥ ሰርቨርና ክላየንት፣ ማለትም አገልጋዩና ጠያቂው ፕሮግራም፣ በሶኬት (የኔትወርክ መገናኛ ጫፍ) እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ብዙ ቴስቶች አሉ። ሁሉም ሰርቨሩን የሚያስነሱት በአንዲት አጋዥ ፈንክሽን በኩል ነው። ፈንክሽኗ ምንም ግቤት አትቀበልም፤ አድራሻው 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱ)፣ ፖርቱ (የመገናኛ በሩ ቁጥር) 50008፣ የጊዜ ገደቡ 5 ሰከንድ ሆኖ በሆዷ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። በላፕቶፖቻችን ላይ ምንም ችግር አይታይም። ቴስቶቹ በራሳቸው በሚሮጡበት የሊኑክስ ማሽን ላይ ግን ሰርቨሩ አልፎ አልፎ አድራሻው ተይዟል የሚለውን ስህተት፣ በሊኑክስ ቁጥሩ 98 የሆነውን፣ ጽፎ ይወድቃል፤ እንደገና ሲሮጥ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፋል።

ስለዚህ አጋዥ ፈንክሽኗን ለማስፋት አስቤ ስምንት አማራጮችን ዘርዝሬ አቀረብኩ፦ የአድራሻ ቤተሰብ (አይፒ ስሪት 4 ወይም 6)፣ የአስተናጋጁ አድራሻ፣ ፖርት፣ ሪዩዝአድር የሚባለው የሶኬት ምርጫ (አድራሻን እንደገና መያዝ)፣ ሪዩዝፖርት የሚባለው (አንድን ፖርት መጋራት)፣ የተጠባባቂ ግንኙነቶች ወረፋ ርዝመት፣ የጊዜ ገደብ፣ እንዲሁም የመላኪያና የመቀበያ በፈር (የጊዜያዊ ማቆያ) መጠን። የጠየቅሁት አማራጮቹ መኖር አለባቸው ወይ ብዬ ሳይሆን በፈንክሽን ግቤት፣ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ በማሽኑ ላይ በሚነገር ዋጋ) ወይስ በማዋቀሪያ ፋይል ቢቀርቡ ይሻላል ብዬ ነበር። አሁን ተመልሼ ሳነበው ጥያቄው ራሱ ግማሹን መልስ አስቀድሞ የወሰነ ነበር።

መልስ 1 የጻፈው ሰው በጨዋነት ሰላምታ አቅርቦ፣ የተሠራውን እንደ አዲስ ከመሥራቴ በፊት የፓይተን ገንቢዎች ለራሳቸው ቴስቶች የጻፉትን እንዳይ መከረኝ። በሲፓይተን፣ ማለትም በዋናው የፓይተን አተገባበር፣ የቴስት ማገዣ ውስጥ ሶኬት-ሄልፐር የሚባል ሞጁል አለ፤ ከስሪት 3.9 ጀምሮ ለብቻው ወጥቶ የቆመ ነው። በውስጡ ነፃ ፖርት ፈልጋ ቁጥሩን የምትመልስ ፈንክሽን አለች፤ የምትቀበለውም የአድራሻውን ቤተሰብና የሶኬቱን ዓይነት ብቻ ነው። አጠገቧ ደግሞ የተሰጣትን ሶኬት ከነፃ ፖርት ጋር የምታስር ሌላ ፈንክሽን አለች፤ እርሷም ሶኬቱንና አስተናጋጁን ብቻ ትቀበላለች። መላሹ በተለይ እንዳስተውል የፈለገው ሁለተኛይቱ አማራጭ የምትከለክል መሆኗን ነው፦ የተሰጣት የቲሲፒ (ግንኙነት መሥርቶ መረጃ የሚያስተላልፈው የኢንተርኔት ደንብ) ሶኬት ላይ ሪዩዝአድር በርቶ ካገኘችው ቴስቱን እዚያው ትጥለዋለች። እኔ በአማራጭነት ልጨምረው ያሰብኩትን ነገር እነርሱ በስህተትነት ቆጥረውታል ማለት ነው። በጊዜው ይህን ነጥብ አንብቤ አልፌው ነበር።

መልስ 2 አጭር ነበር። አማራጮቹ በስም ብቻ የሚተላለፉ ግቤቶች ይሁኑ፣ ሁሉም ነባሪ ዋጋ (ሌላ ካልተሰጠ የሚሠራ) ይኑራቸው፣ ያሉት ቴስቶች አንድ መስመር ሳይለወጥባቸው ይቀጥሉ የሚል ነው። ትክክል ነው፤ የሚከራከርበትም አልተገኘም።

መልስ 3 የጻፈው ሰው በተቃራኒው አንድም አማራጭ እንዳይጨመር አጥብቆ ተቃወመ። ክርክሩን በሒሳብ ነው ያቀረበው፦ ስምንቱ አማራጮች እያንዳንዳቸው ሁለት ዋጋ ብቻ ቢኖራቸው እንኳ አጋዥ ኮዱ 256 ዓይነት ጠባይ ይኖረዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ በእውነት የሚሮጡት ምናልባት አራት ወይም አምስት ናቸው፤ የቀሩት ማንም ሳያያቸው እዚያ ተቀምጠው የሚጠብቁ ናቸው። ለምርት ኮድ (ለተጠቃሚ ለሚደርሰው) ቴስት እንጽፋለን፣ ለቴስት አጋዥ ኮድ ግን ማን ቴስት ይጽፋል ብሎ ጠየቀ። አማራጭ የሚጨመረው የሚጠይቀው ቴስት ተጽፎ በቀረበበት ቀን እንጂ ገና ለገና ያስፈልግ ይሆናል ተብሎ መሆን የለበትም ባይ ነው። አነጋገሩ ደረቅ ቢሆንም አላስቀየመኝም።

መልስ 4 ወደ ስህተት ቁጥር 98 መለሰን። ጸሐፊው መንስኤውን እንደሚያውቀው እርግጠኛ ሆኖ ነው የጻፈው፤ የቲሲፒ ግንኙነት ሲዘጋ መጀመሪያ የዘጋው ወገን ታይም-ዌይት በሚባል ሁኔታ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ በ1981 የወጣው የቲሲፒ መግለጫ፣ ማለትም አርኤፍሲ 793፣ ይህን ጊዜ የአንድ ፓኬት ረጅሙ ዕድሜ እጥፍ እንዲሆን ደንግጎ ዕድሜውን 2 ደቂቃ ስላደረገው በወረቀት ላይ 4 ደቂቃ ይሆናል፤ ሊኑክስ ግን 60 ሰከንድ ብቻ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰርቨር በዚያው ፖርት ላይ ለመታሰር ቢሞክር ይከለከላል። ሪዩዝአድር ይህን ክልከላ ያነሳል። ስለዚህ አማራጭ ማድረግ ሳያስፈልግ ሁልጊዜ ይብራ ብሎ ደመደመ። ብዙ ሰው ተስማማ፤ እኔም አመስግኜው ነበር።

መልስ 5 ግን በሁለት ቦታ አረመው። የመጀመሪያው እርማት ስለ ዊንዶውስ ነው። በሊኑክስና በማክኦኤስ ላይ ሪዩዝአድር የሚፈቅደው የሞተ ግንኙነት ትዝታ ያለበትን ፖርት እንደገና መያዝ ሲሆን፣ በዊንዶውስ ላይ ግን ያው ስም ያለው ምርጫ ሕያው የሆነ ሌላ ሰርቨር የያዘውን ፖርት እስከ መንጠቅ ያደርሳል፤ እዚያ መከላከያው ኤክስክሉሲቭ-አድር-ዩዝ የሚባለው ሌላ ምርጫ ነው፤ በመልስ 1 የተጠቀሰችው የሲፓይተን ፈንክሽንም ባገኘችው ቦታ ሁሉ የምታበራው እርሱን ነው። ስለዚህ በአጋዥ ኮድ ላይ እውነት ወይም ሐሰት የሚቀበል ሪዩዝአድር የሚል ግቤት ማስቀመጥ አንድ ስም ለሁለት ተቃራኒ ትርጉሞች መስጠት ነው፤ ግቤት የግድ ካስፈለገ ስሙ የከርነሉን (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) ምርጫ ሳይሆን የቴስቱን ፍላጎት ይናገር አለ። ሁለተኛው እርማት የበለጠ የሚቆረቁር ነበር። ታይም-ዌይት መንስኤው ቢሆን ኖሮ ቴስቱ ወዲያው እንደገና ሲሮጥ ይብስበት እንጂ አያልፍም ነበር። የጻፍኩት ምልክት የተሰጠኝን መድኃኒት አይመስልም። ማንም ይህን ነጥብ አላነሳውም፣ እኔም ጭምር።

መልስ 6 ስለ ሪዩዝፖርት ነበር፤ ድምፁም ከፍ ማለት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ምርጫው ወደ ሊኑክስ የገባው በከርነል 3.9፣ በ2013 ሲሆን፣ ዓላማው ብዙ ፕሮሰሶች (በሩጫ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) በአንድ ፖርት ላይ አብረው እያዳመጡ ከርነሉ የሚመጣውን ግንኙነት እንዲያከፋፍላቸው ነው። ለምርት ሰርቨር መልካም፣ ለቴስት ግን መርዝ እንደሆነ ጸሐፊው በራሱ ታሪክ አስረዳ። ቀድሞ በሠራበት ቦታ አንድ ባልደረባው ስህተት 98ን ለማስወገድ ሪዩዝፖርትን አብርቶ ነበር፤ ስህተቱም እውነትም ጠፋ። ከሳምንታት በኋላ የተገኘው ግን ከቀድሞ ሩጫ ሳይሞት የቀረ አሮጌ ሰርቨር አዲሱ ቴስት ከሚያስነሳው ሰርቨር ጎን ተቀምጦ፣ ከርነሉም ጥያቄዎቹን ለሁለቱ ሲያካፍል መቆየቱ ነው። አዲሱ ኮድ ተበላሽቶም ቴስቱ አንዳንዴ ያልፍ ነበር፤ ምክንያቱም መልሱን የሚሰጠው አሮጌው ነበርና። በዝርዝሬ ውስጥ ይህን ምርጫ ለማንም ክፍት አድርጌ ማስቀመጤን ኃላፊነት የጎደለው ብሎታል። ቃሉ ከበድ ቢልም ታሪኩ ይገባዋል።

ከ7 እስከ 9 ያሉት መልሶች ከጉዳዩ ትንሽ ወጡ። አንዱ በአማርኛ ስንጽፍ ሶኬትን ከፖርት ጋር ማሰር እንበል ወይስ ባይንድ ማድረግ ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ማሰር የሚለው ቃል ሶኬቱ ተይዞ መንቀሳቀስ እንዳቃተው ያስመስላል ብሎ ማጣመድ የሚለውን አቀረበ። ሦስተኛው ማጣመድ የበሬ እንጂ የሶኬት አይደለም ብሎ ዘጋው። እኔ ማሰር በሚለው ቀጥያለሁ፤ ከብትም ሆነ ሶኬት ካልታሰረ ሄዶ የሚገባበት አይታወቅም።

መልስ 10 የክሩ መዞሪያ ሊሆን የሚገባው ነበር። ጸሐፊው በእርጋታ እንዳስረዳው ከስምንቱ አማራጮች አንዱ፣ ማለትም ፖርት፣ ጭራሽ አማራጭ መሆን የለበትም፤ ቴስት የፖርት ቁጥር መምረጥ ከጀመረ የተሸነፈ ነው። ሶኬቱ ከፖርት 0 ጋር ሲታሰር ከርነሉ ራሱ ነፃ ፖርት መርጦ ይሰጣል፤ የተሰጠው ቁጥርም ሶኬቱን ጌትሶክኔም ብሎ በመጠየቅ ይታወቃል። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ ብሎ ወደ መልስ 1 ተመለሰ። ነፃ ፖርት ፈልጋ ቁጥሩን የምትመልሰው ፈንክሽን ቁጥሩን ለማግኘት ሶኬት ከፍታ፣ አስራ፣ መልሳ ትዘጋዋለች። ሶኬቱ ከተዘጋበት ቅጽበት አንሥቶ ቴስቱ በዚያ ቁጥር እንደገና እስከሚታሰር ድረስ ፖርቱ የማንም ነው፤ ጎን ለጎን የሚሮጥ ሌላ ቴስት ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ አጋዥ ኮድ መመለስ ያለበት የታሰረውን ሶኬት ራሱን እንጂ የተስፋ ቁጥር አይደለም። የሲፓይተን ሰዎችም በዚያችው ፈንክሽን ማብራሪያ ላይ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ እንድትጠራ ጽፈዋል።

በመልስ 11 የተቃወምኩት እኔ ነኝ። የእኛ ሰርቨር ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው፤ አድራሻውንና ፖርቱን በትእዛዝ መስመር ይቀበላል፤ የታሰረ ሶኬት በእጁ ላስቀምጥለት አልችልም አልኩ።

መልስ 12 እንደሚቻል አሳየኝ። በዩኒክስ ዘር ስርዓቶች ላይ ልጅ ፕሮሰስ ከወላጁ የተከፈተ ፋይል ቁጥር ሊወርስ ይችላል፤ ሶኬትም ለከርነሉ ፋይል ነው። ከፓይተን 3.4 ወዲህ በፔፕ 446 (የፓይተን የለውጥ ሐሳብ ሰነድ) ምክንያት ፋይሎች በነባሪ አይወረሱም፤ ስለዚህ የትኛው ቁጥር እንዲወረስ እንደተፈለገ ፕሮሰሱ ሲነሳ በግልጽ መነገር አለበት። በሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲም ሰርቨሮችን ቀድሞ በታሰረ ሶኬት ሲያስነሳ የሚጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው፤ የሚያስረክባቸው ሶኬቶች ከቁጥር 3 ይጀምራሉ። ይህ ከከበደ ሰርቨሩ በፖርት 0 ይታሰርና ያገኘውን ቁጥር በመጀመሪያው መስመር ያትም፣ አጋዥ ኮዱም ያን መስመር አንብቦ ለክላየንቱ ያቀብል አለ። ሁለተኛው መንገድ በዊንዶውስም ላይ ይሠራል። ይህን መልስ ባገኘሁ ዕለት ክሩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ብሄድ ኖሮ ትክክል እሠራ ነበር፤ ለምን ትክክል እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

መልስ 13 የአድራሻ ቤተሰብን አማራጭ ደግፎ የመጣ ነው፤ ከቀረቡት ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው እርሱ ይመስለኛል። ሎካልሆስት የሚለው ስም በብዙ ማሽኖች ላይ ለሁለት አድራሻዎች ይፈታል፣ ለ127.0.0.1 እና ለ::1፤ ሰርቨሩ በመጀመሪያው ላይ ብቻ ቢታሰርና ክላየንቱ በስም ቢጠራው መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪ በ::፣ ማለትም በማሽኑ የስሪት 6 አድራሻዎች ሁሉ፣ ላይ የታሰረ ሰርቨር የስሪት 4 ግንኙነቶችንም ይቀበል እንደሆነ የሚወስነው ነባሪ ከስርዓት ስርዓት ይለያያል፤ ሊኑክስ በተለመደው አቀማመጥ ይቀበላል፣ ዊንዶውስ አይቀበልም። ስለዚህ ሁለቱን ቤተሰቦች ለየብቻ የሚያሮጥ ቴስት መኖሩ ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን በኮንቴይነር ውስጥ ስሪት 6 ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ቴስቱ ከሚወድቅ መዘለል አለበት። የፓይተን ሶኬት ሞጁል ስሪት 6 አለ ወይስ የለም የሚል ዋጋ ቢኖረውም በእርሱ መመካት ስህተት ነው፤ የሚናገረው መድረኩ ስሪት 6ን እንደሚያውቅ እንጂ ማሽኑ ላይ አድራሻው መኖሩን አይደለም። ብቸኛው ታማኝ መንገድ በ::1 ላይ ለመታሰር ሞክሮ ውጤቱን ማየት ነው፤ ሲፓይተንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መልስ 3 የጠየቀው አማራጩን የሚጠይቅ ቴስት ይኸው ተገኘ ብሎ ጨረሰ። ባለ መልስ 3 ዝም አለ፤ በእርሱ ጠባይ ይህ እንደ መስማማት ይቆጠራል።

መልስ 14 በመጨረሻ የጠየቅሁትን ጥያቄ መለሰ። የጊዜ ገደብ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ የቴስቱ ባሕርይ ሳይሆን የማሽኑ ባሕርይ ነው። በላፕቶፕ ላይ 5 ሰከንድ ረጅም ነው፤ አሥር ሥራ በሚሻማበት የጋራ ማሽን ላይ ግን ላይበቃ ይችላል። ይህ በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ በግቤት ከተሰጠ አንዱ ገንቢ 5፣ ሌላው 30 እያለ ኮዱ በዘፈቀደ ቁጥሮች ይሞላል። ስለዚህ ለማሽኑ አንድ ጊዜ የሚነገር ይሁን፣ ለዚህም ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይስማማዋል፤ ቴስቱን የሚመለከቱት ደግሞ በግቤት ይምጡ። የማዋቀሪያ ፋይል ለዚህ ያህል ነገር አያስፈልግም። ይህን ክፍፍል ሳይነካ ነው የወሰድኩት።

መልስ 15 የበፈር መጠንን ተከራከረለት፤ ወረፋውን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰናበተው። በፈር በቴስት ውስጥ የሚያስፈልገው ለፍጥነት ሳይሆን ለክፋት ነው አለ። የመላክ ጥሪ የተሰጠውን ባይት ሁሉ ላይልክ ይችላል፤ በሉፕባክ (ማሽኑ ከራሱ ጋር በሚነጋገርበት መንገድ) ላይ ግን በፈሩ ሰፊ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ይልካል፣ ስለዚህ ቀሪውን መላክ የረሳ ኮድ ቴስቱን ሲያልፍ ይኖራል። በፈሩን ማሳነስ ያን ስህተት ያወጣዋል። ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ፤ ሊኑክስ የተሰጠውን መጠን ለራሱ መዝገብ ብሎ በሁለት ያባዛዋል፣ ተመልሶ ሲጠየቅም የተባዛውን ነው የሚናገረው፤ 4096 ሰጥቶ 4096 ይመለሳል ብሎ የሚያረጋግጥ ቴስት እዚያ ይወድቃል።

ከዚያ መልስ 16 መጣ። ጸሐፊው ሰላምታ አላቀረበም፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲለኝ የቆየውን እርሱ በአንተ ጀመረ። አሥራ አምስት ሰው ኮዱን ሳያይ መድኃኒት ሲያዝዝ ዋለ፤ ጠያቂውም ኮዱን ሳያሳይ ምስጋና ሲያድል ዋለ፤ መልስ 5 ምልክቱ ከምርመራው ጋር እንደማይገጥም ቢናገርም ማንም አልሰማውም፤ እነዚህ ሁሉ አማራጮች የማያውቁትን ነገር በብዛት ለመሸፈን የተደረደሩ ናቸው የሚል ነበር የቃሉ ይዘት። ክላየንቱ ሰርቨሩን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያሳየውን ኮድ እንዳቀርብ፣ ካልሆነም ክሩን እንድዘጋ ጠየቀ። መልስ 17 የአስተናባሪው ነበር፤ ስለ ጉዳዩ እንጂ ስለ ሰው አንናገር ብሎ አሳሰበ፣ ጥያቄው ግን ተገቢ መሆኑን አልካደም። ተናድጄ ነበር። ሆኖም ሰውየው ያለው እውነት ስለሆነ በመልስ 18 ኮዱን አወጣሁት።

ኮዱ ሲወጣ ሁለት ነገር ታየ። አንደኛው አሳፋሪ ነው። ሰርቨራችን የሚከፈተው ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ባለችው ሰርቨር መፍጠሪያ ፈንክሽን ነው፤ እርሷ ደግሞ በሊኑክስ ላይ ሪዩዝአድርን ሳትጠየቅ ታበራለች። ከመልስ 4 ጀምሮ ይብራ አይብራ ብለን የተከራከርንበት ምርጫ ዱሮም በርቶ ነበር፤ በርቶም ስህተቱ አልጠፋም። ሁለተኛው የክላየንቱ ነው፦ አጋዥ ፈንክሽኗ የሰርቨሩን ፕሮሰስ ካስነሳች በኋላ ክላየንቱ በ50008 ላይ ለመገናኘት ይሞክራል፣ ከተከለከለ አዲስ ሶኬት ከፍቶ ወዲያው እንደገና ይሞክራል፣ እስኪሳካለት ድረስ ያለ ዕረፍት እንዲህ ይዞራል።

መልስ 19 የጻፈው ሰው ሌላ አላስፈለገውም። ክላየንት ሲገናኝ እርሱም የራሱ መነሻ ፖርት ያስፈልገዋል፤ ካልመረጠ ከርነሉ ይመርጥለታል። ሊኑክስ ለዚህ የመደበው ክልል ከ32768 እስከ 60999 ነው። 50008 በዚህ መካከል ይገኛል። ሰርቨሩ ገና ሳይነሳ ክላየንቱ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ደጋግሞ ሲያንኳኳ፣ ከርነሉ በየሙከራው አዲስ መነሻ ፖርት ሲሰጠው፣ አንድ ቀን የሚሰጠው ቁጥር ራሱ 50008 ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከ127.0.0.1 ፖርት 50008 የወጣው የግንኙነት ጥያቄ ወደ 127.0.0.1 ፖርት 50008 ይደርሳል፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም አንድ ሶኬት ነው። ቲሲፒ ሁለት ወገኖች በአንድ ቅጽበት እርስ በርስ ቢጠራሩ ግንኙነቱ እንዲጸና ስለሚፈቅድ ከርነሉ ይህን እንደ ስህተት አያየውም። ክላየንቱ ከራሱ ጋር ተገናኝቶ ተሳካልኝ ይላል። ከዚያ ሰርቨሩ ዘግይቶ ሲነሳ ፖርቱ ተይዟል፤ የያዘው የሞተ ግንኙነት ሳይሆን ሕያው ሶኬት ነው፣ እርሱም ሪዩዝአድርን አላበራም፤ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ምርጫው የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች ሲያበሩት ስለሆነ የሰርቨሩ ብቻ መብራቱ አይጠቅምም። ስህተት 98 ከዚህ ነው የሚመጣው። በላፕቶፕ ላይ የማይታየው ሰርቨሩ ቶሎ ስለሚነሳ ነው፤ በተጨናነቀው ማሽን ላይ ግን ክላየንቱ ቁጥሩ ላይ እስኪደርስ በቂ ጊዜ ያገኛል። ቴስቱ ወድቆ ሰው ለማየት ሲመጣ ክላየንቱ ሞቷል፣ ፖርቱም ተለቅቋል፤ ስለዚህ ሲፈለግ የሚገኝ ነገር የለም።

ጸሐፊው በመጨረሻ ያከለው ነገር ለሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ከቴስቶቻችን አንዱ የተላከለትን ቃል መልሶ የሚልክ ሰርቨር የሚፈትሽ ነው። ከራሱ ጋር የተገናኘ ሶኬት የላከውን ሁሉ ራሱ ይቀበላል፤ እንደ ገደል ማሚቶ ማለት ነው። ያ ቴስት ሰርቨር በሌለበት ሊያልፍ ይችላል። አልፎም ሊሆን ይችላል።

መልስ 20 አንድ ጥርጣሬና አንድ ማሟያ ይዞ መጣ። በፓይተን የሶኬት ሞጁል ሰነድ ላይ ያለው ምሳሌ 50007ን እንደሚጠቀም፣ ብዙ ኮድ ከዚያ ተቀድቶ በዓለም እንደተበተነ ጠቅሶ፣ እዚያ ይህ ስህተት ለምን ዘወትር አይሰማም ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ራሱ ሰጠ። የቅርብ ዘመን የሊኑክስ ከርነሎች ለወጪ ግንኙነት ቁጥር ሲመርጡ ከክልሉ መነሻ ጋር ዓይነቱ አንድ የሆነውን ያስቀድማሉ፤ 32768 ተጋማሽ ስለሆነ በቅድሚያ ተጋማሽ ቁጥሮች ይሰጣሉ፣ ኢ-ተጋማሾቹ በፖርት 0 ለሚታሰሩ ይተዋሉ። 50007 በዚህ ዕድል ሲተርፍ 50008 በመንገዱ መካከል ቆሟል። እኛ 50008ን የመረጥነው 50007 በሌላ ቴስት ስለተያዘ ነበር። አንድ በመጨመራችን ከጥላ ወጥተን ፀሐይ ላይ ቆምን።

መልስ 21 የባለ መልስ 16 ነበር። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ድል አድርጌአለሁም አላለም። ማንም በማያዳምጥበት ተጋማሽ ፖርት ላይ ያለ ዕረፍት የሚያንኳኳ አጭር ኮድ ጽፎ አስሮጦ፣ ግንኙነቱ ሲጸና ኤስኤስ በተባለው የሶኬቶችን ዝርዝር የሚያሳይ መሣሪያ አይቶ፣ መነሻና መድረሻ አድራሻው አንድ የሆነ መስመር ማግኘቱን ብቻ ዘገበ። ወደ እርስዎ ተመልሷል፤ እኔም አስተውዬዋለሁ።

በመልስ 22 የወሰንኩትን ጻፍኩ። ሰርቨሩ በፖርት 0 ይታሰራል፣ ያገኘውንም ቁጥር ያትማል፤ አጋዥ ኮዱ ያን መስመር እስኪያነብ ይጠብቃል፣ ክላየንቱም አንድ ጊዜ ብቻ ይገናኛል። ደጋግሞ የሚያንኳኳው ዙር ተሰርዟል። ከስምንቱ አማራጮች በግቤትነት የቀሩት ሁለት ናቸው፣ የአድራሻ ቤተሰብና የበፈር መጠን፤ አስተናጋጁ ከቤተሰቡ ይወሰናል። የጊዜ ገደቡ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይነገራል። ፖርት፣ ሪዩዝአድር፣ ሪዩዝፖርትና ወረፋ አልገቡም። ለጥንቃቄ ክላየንቱ ከተገናኘ በኋላ የራሱ አድራሻና የባልንጀራው አድራሻ አንድ ሆነው ካገኛቸው ቴስቱን በግልጽ መልእክት የሚጥል ሁለት መስመር ጨምሬአለሁ።

መልስ 23 ያ የመጨረሻው ፍተሻ ለማይፈልጉት እንዲጠፋ በአማራጭ ቢደረግ አይሻልም ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። መልስ 24 የባለ መልስ 3 ነው፤ የጻፈው አይሆንም የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር።